ስለ ደልዳላው ሜዳና ስለ አባቴ ጭብጨባ

ለተከበሩ የወረዳችን የመሬት ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት፤ ቢሮ ከሌሉም ስብሰባው ባለበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። አዲሱ ገበያ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ሴት ስለሆንኩ የሰው ጤና የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ወንበርዎ ለወገብ፣ ሥራዎ ለደም ግፊት፣ የእኛ የሰፈሩ ሰዎች ነገር ደግሞ ለራስ ምታት እንደሚዳርግዎ ስለማውቅ፣ እግዚአብሔር ጤናውንም ትዕግሥቱንም አትረፍርፎ ይስጥዎ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ መላክ እችል ነበር። ይሁንና ከዚህ በፊት በሰፈራችን ስም የገቡ ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ከደረሱ ወዲያ የት እንደገቡ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ይህኛው መንገድ እንዳይጠፋበት በአደባባይ እንዲሄድ መርጫለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርስዎ ለእናቴ ለወይዘሮ ንግሥት የላኩላት የክብር ጥሪ ነው። ደልዳላው ሜዳ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ሥነ ሥርዓት ላይ የሟች የአቶ ያዕቆብ ቤተሰብ በክብር እንግድነት እንዲገኝ ይጠይቃል። እናቴ ጥሪውን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና "አሁን ደግሞ ምን ፈልገው ነው?" አለች። እኔም በእሷው ጠርጣራነት ያደግኩ ልጅ ነኝና፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ ወደድኩ፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውት ይሆናል።

አንደኛ፣ ስለ ቀን አመራረጥዎ አመሰግናለሁ። ሰፈራችን ከሸጎሌ መንገድ በላይ ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከእጅ ያመለጠ ብርቱካን አስፋልት ሳይደርስ አይቆምም። ሜዳ የሚባል ያለን አንድ ነው፤ እሱም ደልዳላው ነው። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ሠርግ ሲኖር ዳሱ፣ ሞት ሲኖር የእድራችን ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። እርስዎ ሜዳውን በቆርቆሮ ያሳጠሩት እሑድ ጠዋት፣ ግማሹ ሰፈር ቅዳሴ ላይ፣ እንደ እኔ ያለነው ደግሞ በጸሎት ቤታችን መዝሙር ላይ ሳለን ነበር። በመዶሻ ድምፅ እንዳንረበሽ ማሰብዎ ልባችንን ነክቶታል። ስንመለስ ሥራው አልቆ፣ በሩ ተቆልፎ፣ "ለሕዝብ መናፈሻ የተከለለ" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አገኘነው። ሕዝቡ ከውጭ፣ መናፈሻው ከውስጥ ሆኑ።

ሁለተኛ፣ ስለ መናፈሻው እራሱ አመሰግናለሁ። አላዋቂዎች ነንና መናፈሻ ሲባል ችግኝ የሚገባ መስሎን ነበር። የገባው ግን አርማታ ብረትና ጠጠር፣ ቀጥሎም ብሎኬት ነው። ጎረቤቶቼ በዚህ ጊዜ ብዙ ነገር አወሩ፤ አንዱ የባለሥልጣን ዘመድ ሕንፃ ሊሠራበት ነው አለ፣ አንዱ መጋዘን ነው አለ። እኔ ወሬ ስለማልወድ የበሩን ጥበቃ ኑሪን ሄጄ ጠየቅኩት። "እህቴ፣ እኔ የተቀጠርኩት አጥሩን እንድጠብቅ ነው፤ ውስጡን አላውቅም" አለኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ስለዚህ ሜዳ እውነቱን የነገረን እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሲያገኙት ሰላም ይበሉልኝ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናዬ መልክ አይይዝልኝም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው።

ሰፈሩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ መሥሪያ ቤትዎ በፌስቡክ ገጹ ላይ አንድ ፎቶ አወጣ። ከሥሩም "የአካባቢው ነዋሪዎች ለመናፈሻው ልማት ያላቸውን ድጋፍ ሲገልጹ" ተብሎ ተጽፏል። ከፊት መደዳ ተቀምጦ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ የሚያጨበጭበው ሽማግሌ አባቴ ነው።

አባቴን ስለማያውቁት ላስተዋውቅዎ። ዕድሜውን በከተማ አውቶብስ ሹፌርነት የጨረሰ፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር፤ ሰው በሞተ ቁጥር፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይሁን የእነሱ ሳይል፣ ድንኳኑን ቀድሞ የሚያወጣው እሱ ነው። በቤታችን ጠርጣሮቹ እናቴና እኔ ነን፤ አባቴ ግን ሰው የነገረውን ያምናል። ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት መዝሙርም፣ ስብከቱ ላልቀናው ወጣት ሰባኪም ከልቡ ያጨበጭባል። በዚያ ፎቶ ላይ ያጨበጨበውም አጥሩ ከመታጠሩ ብዙ ቀደም ብሎ፣ የውሃ መስመራችን ሊታደስ ነው ተብሎ በወረዳው አዳራሽ በተጠራንበት ስብሰባ ላይ ነበር። አብሬው ስለነበርኩ አውቃለሁ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ውሃውም እስከ ዛሬ አልመጣም።

ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ፎቶ ያየ ሰው ምን ስብሰባ ነው ብሎ አይጠይቅም። ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩት እማማ ዓለሜ ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴን "ወንድሜ" እያሉ ነው የሚጠሩት። ፎቶው ከወጣ በኋላ ግን በራቸው ላይ ሲያልፍ ወደ ውስጥ የሚያስገባቸው ሥራ ያገኙ ጀመር። ወሩ ሲደርስ የእድሩ ስብሰባ ተጠራ። ለሊሳ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤታችን፣ ልጅ ሆኖ አባቴ መሪ ያስያዘው ሰው፣ በሁሉም ፊት "ጋሽ ያዕቆብ፣ ለእርስዎ ስንት ካሬ ደረሰዎት?" ብሎ ጠየቀው። ጥቂቶች ሳቁ፤ የቀሩት መልሱን ጠበቁ። አባቴ ከቁልፎቹ መሐል የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ፈልቅቆ አወጣ፤ ጣቶቹ ስላበጡ ጊዜ ወሰደበት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ነው እርስዎ ዘንድ መመላለስ የጀመረው። ፎቶው ከገጹ ይውረድልኝ፣ ካልሆነም ያጨበጨብኩት ለውሃው እንደሆነ ይጻፍልኝ ነበር ልመናው። ያገኘዎት ቀን አብሬው ነበርኩና የተናገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"አባት፣ አጨብጭበዋል ወይስ አላጨበጨቡም?" አሉት።

"አጨብጭቤያለሁ ልጄ። ለውሃው ነው እንጂ።"

"እንግዲህ ጭብጨባ ጭብጨባ ነው" አሉና ስልክዎን አነሱ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ አጭርና የተሟላ የአስተዳደር ትምህርት ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ዳገቱን ሲወጣ እየቆመ ያርፍ ነበር። "ሮሐ፣ እሱ ራሱ ነበር እኮ አዳራሹ ውስጥ ስለ ውሃው የተናገረው" አለኝ። ያዘነው በአጥሩ አልነበረም፤ ያዘነው ያመነው ሰው እንደማያስታውሰው ሆኖ ስላናገረው ነው። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ቀነሰ፤ ጸሎት ቤት እንኳ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ማለዳ እናቴ ልትቀሰቅሰው ብትሄድ አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ደክሞ ነበር አለን። ሐኪሙን አምናለሁ፤ ስለዚህ በአባቴ ሞት አልከስዎትም። ልብ የሚያደክመው ምን እንደሆነ ግን መድኃኒት ቤት ስንሠራ ጥቂት ጥቂት እንሰማለን።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አውጥተው ዳገቱ ላይ ቆሙ። ብረቱን ተሸክመው ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም። በራችን ላይ ቢተክሉት ሰው ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ደልዳላው በቆርቆሮ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ሲተያይ፣ ቁልፉ ወደ እሱ የዞረው ለሊሳ ምሰሶውን ከትከሻው ሳያወርድ ቁልቁል መውረድ ጀመረ፤ የቀሩትም ተከተሉት። በአካባቢያችን ከደልዳላው ሌላ የተስተካከለ መሬት አንድ ብቻ ነው። እሱም የእናንተ ጽሕፈት ቤት የመኪና ማቆሚያ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ "ፈቃድ ይዛችኋል?" ብሎ ጠየቀ።

ለሊሳም "ሞቱም ፈቃድ አልጠየቀንም" አለና ካስማውን መምታት ቀጠለ።

ሠራተኞችዎ በየተራ ደረሱ። ያደጉበትን ወግ አመሰግናለሁ፤ ድንኳን አጠገብ የደረሰ ሰው ገብቶ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሳይል አያልፍምና፣ የፈራውም ያፈረውም እየገባ ተቀመጠ። በመጨረሻ እርስዎ ከመኪናዎ ወርደው ጥቂት ቆሙ። ተመልሰው ሊሄዱ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ በዚህስ አማሁዎት። ገብተው ጎንበስ አሉ፣ ተቀመጡም። እማማ ዓለሜ ንፍሮ በሳህን አምጥተው ሰጡዎትና አጠገብዎ ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ ሟቹን ታውቀው ነበር?"

"አላውቃቸውም እናቴ። ለቅሶ ስለሆነ ነው የገባሁት።"

"ታውቀዋለህ" አሉ እማማ ዓለሜ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። "ፎቶህ ላይ ፊት ለፊት ያስቀመጥከው ሰውዬ ነው። እኛም አንተን አምነን እሱን ጠላነው።"

እርስዎ ንፍሮውን እንደያዙ ቆዩ፤ አልበሉትም፣ መሬትም አላስቀመጡትም። እናቴ መጥታ ሳህኑን ከእጅዎ ተቀበለችልዎትና ወጡ።

አባቴን ቀበርነው። የለቅሶው ቀናት አለቁ፤ ድንኳኑ ግን አልተነሣም። ጸሐፊዎ መጥታ መቼ እንደሚነሣ በትሕትና ስትጠይቅ፣ ለሊሳ "ሜዳው ሲከፈት" አላት። ወንዶቹ በየተራ ተቀመጡበት፤ መኪናዎም መንገድ ዳር ዋለ። ብዙ ሳይቆይ አንድ ጠዋት የደልዳላው የፊት ለፊት ቆርቆሮ ተነቅሎ አገኘነው። የነቀለው ማን እንደሆነ፣ ማንስ እንዳዘዘ የነገረን የለም። ድንኳኑን አንሥተን አመስግነን ሄድን። እነሆ አሁን ደግሞ በጥሪው ላይ "በአመራሩ ቁርጠኝነት ለሕዝብ የተመለሰ" መባሉን አነበብን።

ለሊሳ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዞ እናቴ ዘንድ መጥቶ ነበር። ተንበርክኮ "እማማ ንግሥት፣ ለእኔ አይገባም፤ ቁልፉ ከእናንተ ቤት አይውጣ" አላት። እናቴ አስነሥታ ሻይ ሰጠችው፤ ቁልፉን ግን አልተቀበለችውም። "አንተው ያዘው። ነገ አንተንም ሲጠረጥሩህ፣ እንዳትለቀው" አለችው። እማማ ዓለሜ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየመጡ ከእናቴ ጋር ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። ይህንን ማንም አመራር አልመለሰልንምና በሥነ ሥርዓቱ ላይ እንዳይጠቀስ አደራ እላለሁ።

እንግዲህ የጥሪዎ መልስ ይኸውልዎ። እናቴ አትመጣም። እኔ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን ሪባኑን ለማየት አይደለም። በሜዳው የላይኛው ጥግ፣ ያልተነቀለው ቆርቆሮ አጠገብ፣ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ነገር አለ። ንፋስ ሸራውን ሲገልበው የመሠረት ጉድጓድ ይመስላል፤ ብረቱም ቆሞበታል። ኑሪም አሁን በሩ ስለሌለ ወደዚያ ጥግ ተዛውሮ ይጠብቃል። የዛፍ ጉድጓድ ነው ቢሉኝ ደስ ይለኛል፤ እስኪተከልበት ድረስ ግን ወንበሬን እዚያው አጠገብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሌላ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎቶውን አያውርዱት፤ አባቴ በዚያ ፎቶ ላይ ያምራል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አርመው፣ ሰውዬው ያጨበጨበው ቃል ለተገባለት ውሃ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ስሙን ከፎቶው ጋር ለጎረቤቶቹ ልጆች ጥዬ መሄድ እፈልጋለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ መልስ ይሰጡኛል ብዬ ባልጠብቅም እንደሚያነቡት እየጠረጠርኩ፣ ለትልቁ ወንበርዎና ለተስተካከለው መሬትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ሮሐ ያዕቆብ
ከደልዳላው በላይ፣ ከዳገቱ

ሳልጽፍ የረሳሁት፦ የእድራችን ሰዎች ተመካክረው፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሰፈራችን ክልል ስለሆነ እርስዎም አባል መሆን እንደሚችሉ ንገሪልን ብለውኛል። ዕድሜዎን ያርዝመው እንጂ፣ ቀኑ ሲደርስ ሁላችንም እንመጣልዎታለን፤ ድንኳኑንም እኛው እንሸከማለን። የምንተክልበትን ቦታ ግን ከአሁኑ ቢያስቡበት።