ቃኢዱ የሰጠን ቤት

ሰኔ 6
ውሃ መጣ። ልብስ አጠብኩ። ሚልዮን እያጉረመረመ አገዘኝ። ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ ልጄን ቤቱ ጠቦታል። ጎረቤታችን ኒዕማ ቁልፏን አደራ ሰጥታኝ ጦርነቱን ከሸሸች ወዲህ የካርቱሙ ሰፈራችን አል-ሳሃፋ ጭር ብሏል። ግቢዋን ጠረግኩላት።

ሰኔ 11
ቃኢድ ጃፋር የሚሉት የታጣቂዎች አለቃ ሰፈራችን ገባ። ባዶ ቤቶቹን ለተከታዮቹ እያደለ ነው። ቤት የተሰጠው ሁሉ "ስትጠራኝ እመጣለሁ" ብሎ ይምላል። እኛ የተከራየነውንስ ይቀሙን ይሆን? በቀለ "ሄጄ ልለምነው" አለኝ። ባሌ እኮ... ከልመና ሌላ ምን ያውቃል!

ሰኔ 12
ጉድ ሠርቶ መጣ። ቃኢዱ እግር ላይ ወድቆ ጉልበቱን ሳመ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚለመነው እንዲህ ነው፤ እዚህ ማን ያውቃል፣ የማለ መሰላቸው። ሰውዬው በተከታዮቹ ፊት "ኸላስ፣ በቃ! ሐበሻው የእኔ ሰው ሆነ" አለ። ቤታችንን ማረልን። የኒዕማን ቤት ደግሞ ጨመረለት። የመንገዳችን አለቃ፣ ሼኽ ብሎም ሾመው።
"እምቢ አትልም?"
"ምን ብዬ፣ የኔነሽ?"
አባቱ ጢሰኛ ነበሩ። የባላባት እህል ተሸክመው ነው ያረጁት። ልጃቸው ካርቱም ላይ ባለጉልት ሆነላቸው... ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ሰኔ 20
ሰዎች "ሼኽ በቀለ" እያሉ ሰላምታ ይሰጡታል። ደስ ሲለው አየሁት። አፈርኩበት።

ሐምሌ 3
ቃኢዱ በቀለን አስጠራው። ዘመቻ አለ፤ ቤት የተቀበለ ሁሉ ተዋጊ ያዋጣል። "ቤቱን ውሰዱት፣ ካልሆነም እኔ ልሂድ" ቢለው ሳቀበት።
"ሼኽ ሰፈር ይጠብቃል። ልጅህን ላክ፣ ያላ!"
ሚልዮንን በመኪና ወሰዱት። ጫማ እንኳ አላስቀየሩትም።  

ሐምሌ 5
ዛሬም ወሬ የለም።

ነሐሴ 19
ልጄ መጣ! ገላውን አገላብጬ አየሁ፣ ሙሉ ነው። እልል አልኩ።
ከበላ በኋላ እሱም ጀብራ ሰፈር ቤት እንደተሰጠው ነገረን። በቀለ አቀረቀረ።
"ባለቤቶቹ ሸሽተዋል?" አልኩት።
"የለም፣ አሉ።"
"ታዲያ የት ይግቡ?"
"የትም አይሄዱም፣ እማ። ከነሰዎቹ ነው የተሰጠኝ። ሴትየዋ ታበስልልኛለች፣ ባልየው ውሃ ይቀዳል።"
ይህን ሲል እጁን እየታጠበ ነበር። ፎጣውን ከሩቅ ዘርግቼ ሰጠሁት። የወለድኩትን ልጅ ፈራሁት።