ፊልሙን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም፦ ለደንገል ሲኒማ ባለቤት

ለተከበሩ አቶ ገድሉ
የደንገል ሲኒማ አዳራሽ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

የተከበሩ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ እና ፊልሙ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ ማሳል የሚጀምረው ጀነሬተርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሁለት መቶ ሴት ፊት ውሸታም ተብሎ ከሥራው ለተባረረ ሰው እንዲያውም ከሚገባኝ በላይ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአዳራሽዎ በር ላይ፣ እርስዎ ሰኞ ጠዋት ከለጠፉት ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁለቱን አብሮ ለማንበብ እንዳይቸገር። የእርስዎ አጭር ስለሆነ እዚህ ልድገመው፦ «እሑድ ዕለት በቀረበው የሕንድ ፊልም ተርጓሚዋ የሌላ ፊልም ታሪክ በመናገሯ ለተፈጠረው ስህተት ውድ ደንበኞቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ተርጓሚዋ ተሰናብታለች።» በሥርዓት የተተየበ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ ከማኅተሙ በቀር እውነት የሆነ ነገር የሌለበት ማስታወቂያ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አባቴ ሙሀመድአወል ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። በሱቁ ጥግ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ የሕንድ ፊልም ሲያሳይ ከጣቃዎቹ መካከል ተቀምጬ ስላደግሁ፣ ሂንዲን ከአማርኛ ፊደል ቀድሜ ነው የለመድሁት። በኋላ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ገብቼ ቋንቋ አጥንቼ ተመረቅሁ። ያለፉትን አራት ዓመታት በእሑድ ከሰዓቱ የሴቶች ፕሮግራም ላይ፣ ከስክሪኑ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማይክ ይዤ፣ አንዴ እናትየዋን አንዴ ፖሊሱን አንዴ ሽፍታውን እየሆንሁ ስተረጉም ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት እናቶቻችን ስለ እኔ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ሪሃብ አለ ካለች፣ ብሏል ማለት ነው።»

ይህን ስም በአንድ ከሰዓት ስላራገፉልኝ የማቀርበው ምስጋና ብዙ ነውና በተራ በተራ ልዘርዝረው።

፩ኛ፤ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ባነርዎ «ሁለት መንገድ፣ አንድ መሐላ፤ ከዚህ በፊት ያልታየ ታሪክ» ይላል። ያልታየው ታሪክ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በሕፃንነታቸው ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠፋፋሉ። አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ሌባ ሆኖ ያድጋል። እናታቸው አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ይጠፋል። ሁለቱም አንዲት ልጅ ይወዳሉ፤ ልጅቷም በአንድ ዘፈን ውስጥ ሰባት ጊዜ ልብስ ቀይራ፣ በረዶ ላይ በስስ ሻርፕ ጨፍራ፣ ጉንፋን እንኳ ሳይነካት ትመለሳለች። ክፉው አጎት ከዘራውን እያሽከረከረ ሲስቅ ሲስቅ ሁለት ሰዓት ይሞላዋል። በመጨረሻ በየአንገታቸው የቀረው ግማሽ ግማሽ ሐብል ይገጣጠማል፤ እናትየዋም ወንዛዬ ፍል ውሃ ሦስት ሳምንት የከረመች ይመስል፣ ልጆቿ በነኳት ቅጽበት ዓይኗ ይበራል። ዱርቤቴ ገበያ ላይ የጠፋ በጉን ያገኘ ገበሬ እንኳ የጆሮ ምልክቱን አሳይ፣ ምስክር ጥራ ይባላል። እነዚህ ግን በግማሽ ሐብል ብቻ ተማምነው ተቃቅፈው ይዘፍናሉ።

ይህንኑ ታሪክ አምና በሌላ ስም አሳይተውናል፤ ካቻምናም በሌላ። በዘንድሮው የተለወጠው የፖሊሱ መነጽር ነው። ጣና ዳር እንቦጭ ሲነቅል የዋለ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ እዚህ ነቅሎ ቀና ሲል እዚያ ተንሳፍፎ ይጠብቀዋል። ለእንቦጩ ግን «ፍጹም አዲስ» ብሎ ባነር የሰቀለለት እስካሁን የለም።

፪ኛ፤ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፊልሙን በፍላሽ ሰጥተውኝ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከዚያም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ በኮምፒውተርዎ ላይ እያሳየሁ፣ «ይህ የአምናው ነው፤ ሴቶቹ በሩብ ሰዓት ይለዩታል፤ ይቅር» አልሁዎት። እርስዎም ሻይ አዘዙልኝና «አንቺ ካልሽ አበቃ፣ የእኔ ልጅ» አሉኝ። እሑድ መብራቱ ጠፍቶ ስክሪኑ ሲበራ የመጣው ያ ባቡር ጣቢያ ነበር። ወደ ፕሮጀክተሩ መስኮት ዞር ብዬ ባይዎት ስልክዎን ይነካካሉ። ምክንያቱን በኋላ ከትኬት ቆራጭዎ ሰማሁ፦ «ባነሩ አንዴ ተሰቅሏል፤ አሁን ማን ይውጣና ያውርደው?» ብለው ነበር አሉ። ስሜ ከአንድ መሰላል እንደሚቀልል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ለትምህርቱ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ፤ ስለ እሑዱ ውሎ። የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ የብርጓል ከፊት ረድፍ ሆነው «ሪሃብ፣ ይኼን እኮ ነግረሽናል!» ያሉት ገና ልጆቹ ባቡር ጣቢያ ላይ ሳይጠፋፉ ነበር። እኔ መተርጎሜን ቀጠልሁ፤ ጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት መቶ ሴቶችን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ? ከኋላ ወይዘሮ እናትዓለም «ገና አፉን ሳይከፍት ተናገረችለት እኮ!» ብለው ጮኹ። በዚህስ እውነታቸውን ነው፤ ፖሊሱ የሚለውን ስለማውቀው ሁለት ጊዜ ቀድሜዋለሁ፤ ይህን ጥፋቴን አምናለሁ። ቀጥሎ «ሕንዱ ሌላ ነው የሚለው፤ እሷ ናት ሰንፋ የአምናውን የምታነበንብብን!» የሚል ተነሣ፤ ፉጨቱም ጭብጨባውም ተከተለ።

በሴቶቹ ላይ ቅያሜ የለኝም። ሂንዲ አያውቁም፤ የሚሰሙት የእኔን ድምፅ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ያው ነው። ታዲያ ማንን ይጠርጥሩ? ያንኑ ታሪክ ሦስተኛ ጊዜ ሠርቶ አዲስ ነው የሚል ፊልም ሠሪ አለ ብለው ያምኑ ወይስ በርጩማ ላይ ያለችው ልጅ ደክሟት ነው ይበሉ? ባለ አእምሮ ሁሉ ልጅቷን ይጠረጥራል። እኔም እነሱን ብሆን እኔን እጠረጥር ነበር።

ከዚያ እርስዎ በመሐል መተላለፊያው ሲወርዱ አየሁዎት፤ ልቤም ዐረፈ። እውነቱን የሚያውቅ ሰው መጣ አልሁ። ማይኩን ከእጄ ወስደው «እናቶቼ፣ ይቅር በሉን፤ ልጅቷ ፊልሙን ሳታይ ነው የመጣች» አሉ። ሦስተኛውን ጊዜ ያየሁት ከእርስዎ ጋር፣ ሻይዎን እየጠጣሁ እንደነበር ለማስታወስ ያህል ነው።

፬ኛ፤ ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የዚህ አዳራሽ ተርጓሚ እርስዎ ነበሩ። እናቴ ታመጣኝ ነበር። ድምፅዎ ሲነሣ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። አሥራ አምስት ሲሞላኝ ግን ሂንዲዬ በሰለና አንድ ቀን ነገሩ ገባኝ፤ እርስዎ ሂንዲ አንድ ቃል አያውቁም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ውሃ ስጡኝ» ሲል እርስዎ «እናቴን በሕልሜ አየኋት፤ በሩን ክፈቱልኝ አለችኝ» አሉ፤ አዳራሹም በእንባ ታጠበ። እኔም እያወቅሁ አለቀስሁ። ለእናቴም ሳልናገር፣ ለአባቴም ሳልናገር፣ ይህን ምስጢር አሥራ አንድ ዓመት ያዝሁልዎት። የያዝሁት በፍርሃት አልነበረም። የእርስዎ ፈጠራ ከፊልሙ ስለሚሻል ነበር። በእርስዎ ፊልሞች ውስጥ የጠፋው ወንድም አንዳንድ ጊዜ ሳይገኝ ይቀር ነበር፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ የት ደርሶ ይሆን ስንል እንከርም ነበር።

እንግዲህ ዕድሜዎን ሲፈጥሩ የኖሩት እርስዎ፣ አንድ ቃል ጨምሬ የማላውቀውን እኔን፣ ፈጠረች ብለው አባረሩኝ። የማያውቅ ሰው ቢወቅሰኝ እችለዋለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መፍጠር ምን እንደሆነና እኔ እንዳልፈጠርሁ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ማይኩን የወሰደብኝም እሱ ነው። ዛሬ ምስጢርዎን ስላወጣሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ እውነቴን ባይሸጡት ኖሮ እኔም ምስጢርዎን አላወጣውም ነበር።

፭ኛ፤ በርጩማው ከቤት ያመጣሁት የእኔ ነው። ይመለስልኝ።

የምጠይቀው ሥራዬን አይደለም። በአባቴ ሱቅ ከሰኞ ጀምሮ ደንበኛው ሁሉ ጨርቁን እየዳበሰ «ሐጂ፣ ይኼ ጣቃ አዲስ ነው ወይስ እንደ ልጅዎ ፊልም የአምናው ነው?» ይለዋል። አባቴ አብሮ ይስቃል፤ በሠላሳ ዓመት ንግዱ አንዴ እንኳ ባልተጠረጠረበት ነገር አብሮ ይስቃል። ቴሌቪዥኑን ግን አጥፍቶታል፤ እስካሁን አልከፈተውም። ስለዚህ የምለምንዎት ሁለት ቀላል ነገር ነው፦ ማስታወቂያውን ያንሡልኝ፤ እሑድ ደግሞ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት «ሪሃብ የተናገረችው ፊልሙ የተናገረውን ነው» ይበሉልኝ። ስምንት ቃል እንኳ አይሞላም፤ መተርጎምም አያስፈልገውም።

በፊልሙ ላይ ሳልጨምር፣ ከፊልሙም ሳልቀንስ፣ የሌላ ሰው ስንፍና በድምፄ ተሸክሜ የወጣሁ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ግን ባነርዎ ከተሰቀለበት ከፍታ የማያንስ፣

የቀድሞ ተርጓሚዎ
ሪሃብ ሙሀመድአወል

ግልባጭ፦
ለእትዬ የብርጓል
ለእሑድ ከሰዓት እናቶችና እህቶች በሙሉ

ማስታወሻ፦ ለመጪው እሑድም «ፍጹም አዲስ» ፊልም እንዳለ ከባነርዎ ተረዳሁ። ፊልሙን አላየሁትም፤ ፍላሹም እጄ አልገባም። ያየሁት ባነሩን ብቻ ነው፦ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ሁለት ወንዶች፣ በመካከላቸው አንዲት ልጅ፣ ከበላያቸው እጇን የዘረጋች አሮጊት፣ ከሥር ባቡር። ከዚህ ተነሥቼ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለት ገጽ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ እትዬ የብርጓል ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ፊልሙ ሲያልቅ በሁሉ ፊት ይከፈታል። ሁለት ነገር ከሳትሁ እኔው ራሴ ማይክ ይዤ ውሸታም ነኝ እላለሁ። እስከዚያ ተርጓሚ አጥተው ከተቸገሩ ግን፣ ፖስታውን ቀደም ብለው ከፍተው፣ ፊልሙ እየሄደ ከስክሪኑ ሥር ሆነው ቢያነቡት ፈቅጃለሁ። ሂንዲ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ አስፈልጎዎትም አያውቅ።