የታጠበው ቢላዋ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ ሙሀይሚን። የመርካቶ ሥራ እንዴት ይዞሃል? ቡታጅራ ያለነው ሁላችንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።

እህትህ ፈቲሀ በትምህርት ቤቷ የባዮሎጂ ክበብ የታመመ እንሰት መለየት ተምራለች። ከተክሉ ትንሽ ቆርጠው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያንጠለጥላሉ፤ የታመመ ከሆነ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይወርዳል። በሽታው በቢላዋ እንደሚዛመትም ነገረችኝ።

ጎረቤታችን ሰልሚያ ባለፈው እንሰቷን ልትቆርጥ ከእኔ የተዋሰችውን ቢላዋ አጥባ መለሰችልኝ። በጉርብትናችን ዘመን አጥባ መልሳ አታውቅም። «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብላት፣ «አንቺ ደግሞ! ንጽህናም ያስወቅሳል?» ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ በዚያው ቢላዋ የጓሯችንን እንሰት ቆረጥኩ።

ትናንት ፈቲሀ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችውን ብርጭቆ ስታይ ደረስኩባት። በሻሿ ሸፈነችው። «የማን እንሰት ነው?» አልኳት። «የክበቡ ነው፣ እማ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ለዓረፋ ስትመጣ ቆጮ ከዚያው ገዝተህ ና። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እናትህ