ቡሽራ የተወው ሸክላ

ለውድ ወንድሜ ኡዘይር ሸሪፍ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ዓለም። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር እንዴት አደረገህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ለመኖሩ አለን።

ያልነገርንህ ነገር አለ። ከኤርትራ ምርኮ ከተመለሱት ወታደሮች አንዱ፣ ማሩ የሚባል የአዲ አርቃይ ልጅ፣ ከረመዳን በፊት ቤታችን መጥቶ ነበር። ከወንድማችን ከቡሽራ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ሲወድቅ አጠገቡ እንደነበረ፣ አፈር ያለበሰውም እሱ እንደሆነ መሬት መሬት እያየ ነገረን። አባባ ግን «ተሳስተሃል ልጄ፣ ሌላ ሰው ይሆናል» ብለው ምሳ አብልተው ሸኙት። ለነፍሱ ሰደቃ እናውጣለት ብንል እንቢ አሉ። የቡሽራ ሚስት ዐዚዛም ባለትዳር ትሁን ባሏ የሞተባት ሳይለይላት ከስታ አለቀች።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡሽራ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የእንግሊዝ ሮክ ሸክላ አጫውቺልኝ አሉኝ አባባ። ድሮ ጫጫታ ነው እያሉ ሲያማርሩ ጣታቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይከተል እንደነበር ታስታውሳለህ። አቧራውን ጠርጌ መርፌውን አሳረፍኩት። ጊታሩ ሲነሳ ፊታቸው ፈካ፤ ዐዚዛም ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ሰማች። እውነቴን ነው፣ ደስ አለን።

ዘፈኖቹ ሁሉ ተያይዘው አንድ ታሪክ ናቸው። ቡሽራ ያስረዳኝን ይዤ እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። አንድ ልጅ መርከበኛ ሆኖ ባሕር ይገባል፤ እናቱ ወደብ ላይ ትጠብቀዋለች። ሸክላውን ገለበጥኩት። ማዕበሉ ሲመጣ ከበሮው ቤቱን አናወጠው።

«ይመለሳል?» አሉኝ።

ዐዚዛ አየችኝ። «አይመለስም አባባ» አልኳቸው።

«እናቱስ?»

«እዚያው ወደቡ ላይ ቆማ ታረጃለች። ቤት ያሉትን ልጆቿን ዞራ አታያቸውም።»

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ዐዚዛን ጠርተው «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሏትና አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ሐሙስ ሰደቃውን አወጣን። ዐዚዛ ከእንግዲህ ባልሽን ጠብቂ ሳትባል አዘዞ ወላጆቿ ዘንድ ገብታለች፤ ያደረሷትም አባባ ራሳቸው ናቸው።

አባባ ዱዓ ያደርጉልሃል። ዐዚዛም ሰላም በይልኝ ብላለች። ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገር፣ ልጆቹን ሳምልኝ። አንድ ነገር ግን አደራ። አባባን በስልክ «ገና ያልተፈቱ ምርኮኞች አሉ ይባላል» ያልካቸውን እንዳትደግመው። ደውልላቸውና አብራችሁ አልቅሱ።

እህትህ ኢልሃም
ጎንደር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.