ብቻውን የሚጠጣ የሌለበት ቤት

ወንድሜ ኢተፋ፣

ካርዱ ላይ የምታየው ላንጋኖ ነው፤ የምጽፍልህ ግን ከአርሲ ነገሌ አረቄ ቤት ነው። መቂ ላይ ቢራው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠጪው ግን ሁሉ በስልኩ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጨቃጨቃል። ባቱ የገባሁበት ቤት ደግሞ ዘፈኑ አያነጋግርም። እኔም በየደረስኩበት የአዳማውን መጠጥ ቤታችንን ሳወድስ ሰነበትኩ።

ዛሬም የአረቄ ቤቱን ባለቤት እትዬ ጋዲሴን፣ «እኛ ዘንድ ብቻውን የሚጠጣ የለም፤ የማናውቀው ሰው እንኳ ቢገባ ጠረጴዛ ገጥመን ከመሀላችን እናስቀምጠዋለን» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። መለኪያዬን ከፊቴ አነሱና፣ «ታዲያ አንተ እዚህ ጥግ ይዘህ ምን ትሠራለህ? ኮቱ፣ ና!» ብለው እህል ነጋዴዎቹ ዘንድ ወሰዱኝ። ሰዎቹም «ኖር» ብለው አግዳሚው ላይ ተጠጋጉልኝ። ከዚያ በኋላ አረቄው ራሱ ጣዕሙ ተለወጠ።

ፍርዴን ግን አልቀየርኩም፤ አንደኛ የእኛው ቤት ነው። ነገሌ ሁለተኛ የወጣችው አንተ ስለሌለህባት ብቻ ነው።

ቦታ አለቀብኝ። አሳላፊያችንን ፀዳለን ሰላም በልልኝ፤ እንደ እሷ ድራፍት የሚቀዳ እስካሁን አላየሁም። እስክመጣ ወንበሬን ባዶ አታስቀምጡት፤ እንግዳ ከገባ አስቀምጡበት።

ያደታ