ኃይለየሱስ እንዲሸነፍ

እህቴ እማዋይሽ፣

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለካ ይህን ልጽፍልሽ ኖሯል። ልጄ ኃይለየሱስ እዚህ ፍራንክፈርት ራግቢ የሚሉት ጨዋታ ገብቷል። ለአንዲት ኳስ ሰው በሰው ላይ ሲከመርበት አንገቱን የሰበሩት መሰለኝ። የእኛ የገና ጨዋታ ቢያደማም በዓመት አንዴ ነው። የእነዚህ ክለቦች ዋንጫ ግን ከአያቶቻቸው ጀምሮ ወር በወር ሲደረግ የኖረ ነው፤ ይህን በኩራት የነገረን ሽማግሌ ጆሮው ተጨፍልቆ ቀርቷል። እኔ ካሸነፈ የሚገላገል መስሎኝ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ፤ አሸነፈ። ምራቴ ውባለም፣ «እማማ፣ የሚሰናበተው እኮ የተሸነፈው ነው። ያሸነፈማ በወሩ ከእነዚህ ከሚብሱት ጋር ይገጥማል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ቃሌን ማጠፍ ፈራሁ፤ አንቺ እንዲሸነፍ ለምኚልኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ማሸነፉን ግን አትንገሪያቸው፤ እልል ብለው ሌላ ድል ይለምኑበታል።

ተዋበች