ከበርሜሉ የሚወጣው ድምፅህ

ለታላቅ ወንድሜ፦ ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ፣ ፀጉር የቀረህ እንደሆነ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከረምክ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሥራውስ፣ ማደሪያውስ፣ ወገብህስ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ? ጉሮሮህን ለብቻው የጠየቅኩት ለቀልድ እንዳይመስልህ፤ ምክንያት አለኝ፣ ትደርስበታለህ። እኛ ሁላችንም አለን። አለን ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው፣ ሌላውን ከታች ታነበዋለህ። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሠኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት አንዴ ተምረው ካለፉት ልጆች ይልቅ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን ከጎሚስታ ቤት እንደመጣ ነው፣ ግራሶው ብዕሩን ያንሸራትተዋል።

ስልክህን ስንደውል የምታነሳው ሴትዮዋ ናት፤ ያቺ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» የምትለዋ። እማዬ ደጋግማ ከሰማቻት በኋላ «ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ እሷ የምታነሳው፣ ልጄ ሌላ አግብቶ ነው እንዴ?» ብላ አፏን ያዘች። እኔ ሳቅኩ፤ እትዬ አልሳቀችም። ሚስትህ መሳቅ ከተወች ቆይታለች።

እንግዲህ አንተ ጭጭ ባልክበት ሰሞን ነው ነገሩ የጀመረው። በቀትር ነበር፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ። ከጓሮ በኩል ድምፅህ መጣ። መጀመሪያ ሳልህ፤ ያቺ ሁለቴ ጠረግ ጠረግ አድርገህ ሦስተኛዋን የምትውጣት። ቀጥሎ «በሩን ዝጉት፣ ነፋስ ይገባል» አልክ። እማዬ ከልማድ የተነሳ ብድግ ብላ በሩን ዘጋችው። ዘግታ ከተቀመጠች በኋላ ነው ማን እንዳዘዛት ትዝ ያላት።

በዚህ ቤት ዕቃ ሲጠፋ የሚጠየቀው ድመቱ ነው፣ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ግን እኔ ነኝ። የአንተን ሳል፣ የባለ ጎሚስታውን ማንኮራፋት፣ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን አነጋገር አስመስዬ ስንቱን እንዳስደነገጥኩ ታውቃለህ። (ልብስ ሰፊዋን አሁን ሬዲዮ ነው የምላት፤ የሰማችውን ሳታሰራጭ አታድርም።) ለምሳ ስገባ እማዬ በነጠላ ጫማ ተቀበለችኝ። «በሌለ ሰው ትቀልዳለህ?» አለችኝ። እኔ ጠዋቱን ሙሉ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስፈልግ ነበር ብል ማን ይስማኝ። ደግነቱ አንተው ራስህ ምስክር ሆንክልኝ። እማዬ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ እኔ አፌን በጉርሻ ሞልቼ ሳለሁ፣ ከጓሮ «ፎጣዬን አቀብሉኝ» አልክ። እማዬ አፌን አየችው። ማኘኬን አቁሜ ነበር።

ወጥቼ አየሁ። የልብስ ገመዱ አለ፣ የተሰበረው ወንበር አለ፣ ቂጡ የዛገው የውሃ በርሜል አለ። ሰው የለም። ሰው ማስደንገጥ ሙያዬ የሆነው እኔ እስከ አጥሩ ሳልደርስ ዞሬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

እማዬ ያን ጊዜ ቆረጠች። «ልጄ ሞቷል። ድምፁ ነው ቤቱን ሊሰናበት የመጣው» አለች። ጥቁሯን ለበሰች፣ ሬዲዮም ሥራዋን ሠራችና ሰፈሩ ቤታችን ገባ። ወንድም ጋሼ፣ ስለ አንተ ያልተባለ ደግነት የለም። ሰው ተጣልተህ አታውቅም ተባለ። ቁጣ አታውቅም ተባለ። ሞተህ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይወዱህም ብዬ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ለቅሶው ሞቅ ሲል ከጓሮ በኩል «እስቲ ዝም በሉ፣ ልተኛበት» አልክ። ሰዉ በአንድ በር እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሬዲዮ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ ሄደች፣ እስከ ዛሬም መጥታ አልወሰደችውም።

እኔ ከእልህ የተነሳ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። በዚህ ጊዜ በርሜሉን ዞርኩት። አለቃ በወዲያኛው በኩል ድንጋይ ላይ ቆማለች። አለቃ የምለው ልጅህን ነው፤ አንዲት ቃል ሳትናገር ሁላችንን ስለምታዘን። ባለ ጎሚስታው ደሞዜን ይከፍለኛል እንጂ አለቃዬስ እሷ ናት። ራሷንና ትከሻዋን ባዶው በርሜል ውስጥ ከታ በእግር ጣቶቿ ቆማለች። የወደቀች መስሎኝ ልይዛት እጄን ስዘረጋ ሳልህ ከበርሜሉ ወጣ። የሰባት ዓመት ልጅ ጀርባ፣ ልክ እንደ አንተ፣ ሲስል ትከሻውን ሰበቅ ሲያደርግ አየሁ። ከተወለደች ጀምሮ «እማ» እንኳ ብላ የማታውቅ ልጅ ናት። አንስቼ ሳዞራት ፊቷ ላይ ምንም የለም። ዓይኗ በትከሻዬ አልፎ ቆርቆሮውን ያያል። ከንፈሯ ላይ ግን ገና አንተ ነበርክ።

እማዬ ይህም አልበቃትም፤ መንፈሱ ልጅቷ ላይ ገባ አለች። ጥቁሯን ያወለቀችው ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሹፌር መጥቶ አብራችሁ ምሳ እንደበላችሁ ሲነግራት ነው። «እንዲያውም ወፍሯል» አላት። ቀን ሙሉ አልቅሳልህ ስታበቃ መወፈርህን ስትሰማ የረገመችህን እርግማን አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ይቃጠላል።

አሁን ስለ እትዬ ልንገርህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ኑሮዋን አላየህምና። ሐኪም ቤት ያለችው ሴት የልጅቷ ነገር ስሙ ኦቲዝም እንደሚባል፣ አፈጣጠሯ እንጂ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ ትዕግሥት እንደሚያሻው ነግራታለች። እትዬ «ትዕግሥቱ የሚገኝበትን ሱቅ ብቻ አሳዪኝ» ብላት ወጣች። የልጇን ፀጉር ልታጥብ ስትል የነከሰቻት ጠባሳ ክንዷ ላይ ተደራርቧል። ልጅቷ ተነስታ መንገድ እንዳትገባ የራሷንና የልጇን እጅ በክር አስራ ነው የምትተኛው፤ ክሩ ሲሳብ ትነቃለች፣ ሳይሳብም ትነቃለች። እማዬ የሰው ዓይን ነው ትላለች፣ እትዬ አይደለም ትላለች፣ በዚሁ ይጣላሉ፤ እንደገና አብረው ልጅቷን ለመያዝ ይሮጣሉ። ጎረቤት ልጆቹን ከደጃፋችን ይጠራል።

ስለዚህ ድምፁ ከልጇ እንደሚወጣ ስታውቅ እትዬ አልፈራችም። በርጩማዋንና የልብስ ሳፋዋን ይዛ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ በአንተ ድምፅ «በሩን ዝጉት» ስትል እትዬ «እሺ፣ ዘጋሁት» ትላለች። «ፎጣዬን» ስትል «እንካ» ትላለች። በቀትር መጥቼ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ እሰማለሁ፣ ወጥቼ ሳይ አንዲት ሴትና አንድ በርሜል። ስትስቅ ያየኋት ያን ሰሞን ነው። እኔ ግን ምሳዬን ሳልጨርስ ወደ ጎሚስታ ቤት እመለሳለሁ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም መልካም ነበር። ልጅህ የምትናገረው በተራው ነው፣ ልክ ከድውር ላይ ክር እንደሚመዝ ሰው። በየቀኑ ከሳሉ ትጀምርና ትናንት የደረሰችበት ድረስ ሄዳ ትንሽ ትጨምራለች። እየጨመረች፣ እየጨመረች፣ አንተ የሄድክበት ቀን ዋዜማ ላይ ደረሰች። ከምሳ በኋላ አንተና እማዬ ለብቻችሁ ልትነጋገሩ ጓሮ የወጣችሁበት ቀን። ሰው የለም ብላችሁ ነበር። ከበርሜሉ ጀርባ እሷ ተቀምጣለች።

እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፣ ከኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። «እማዬ፣ እኔ አልመለስም። ልጅቷን ባየሁ ቁጥር አየር ያጥረኛል። ለሚስቴ ሥራ ፍለጋ ነው በያት። እየቆየች ትለምደዋለች።» ይህ በአንተ ድምፅ። ከዚያ ጉሮሮዋ ተለወጠና እማዬ ሆነች፤ «ሂድ ልጄ። እኔ አለሁ። እሷን እኔ እይዛታለሁ።» ከዚያ የእማዬን ለቅሶ አለቀሰች፣ ዓይኗ ደረቅ እንደሆነ። ከዚያ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል አሰማች። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ሳልህ፣ ከመጀመሪያው።

እማዬ የራሷን ድምፅ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። እትዬ እጇ ላይ እርጥብ ሸሚዝ ነበረ፤ ውሃው መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ቀስ ብላ አሰጣችው፣ እጥፋቱን ሁሉ ዘረጋችው፣ በማያያዣ ያዘችው። ስትገባ እማዬ አጠገብ ቆም ብላ «ያውቁ ነበር» አለቻት። ጥያቄ አልነበረም። እማዬ ከበሩ ፈቀቅ አለችላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። «ጨው አልቋል በላት» ትላለች አንዷ፤ «ሰምቻለሁ በላት» ትላለች ሌላዋ። ስልክ ሆኛለሁ፣ ካንተው ግን እሻላለሁ፣ እኔ እነሳለሁ። እትዬ የራሷንና የልጇን ልብስ በሻንጣ ከታለች፤ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ያልሄደችው «ከልጄ አፍ ሳይሆን ከራሱ አፍ ልስማው» ብላ ነው። ስትሄድ ልጅቷም ትሄዳለች፣ በእማዬና በእኔ መካከልም ከዚህ በርሜል ሌላ የሚቀር የለም።

እኔ እንደምታውቀኝ ነገር በዘዴ ማስተካከል እወዳለሁ። ትናንት አለቃ ጨርሳ ስትወጣ እኔ ራሴን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩና በአንተ ድምፅ «እመለሳለሁ። ናፍቃችሁኛል» አልኩ። እውነት እልሃለሁ፣ አንተ ራስህ ብትሰማው መቼ ተናገርኩት ብለህ ትጠይቅ ነበር። ቀና ስል ልጅህ ፊቴ ቆማለች። የሰው ፊት የማታየው ልጅ አፌን ታያለች። መዳፏን አመጣችና አፌ ላይ ጫነችው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ እንዲያ ባለ ፀሐይ። እስክተነፍስ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ ድንጋይዋ ላይ ወጥታ ከሳሉ ጀመረች፣ ሁሉንም እስከ በሩ ድረስ አለችው። የኔ ቃል ውስጡ አልነበረችም። ዛሬም የለችም። የተቀባባ ውሸት አትይዝም።

እንግዲህ ሹፌሩ ይህን ሲሰጥህ የስልክ ቁጥሬን ከሱ ውሰድና እሑድ በቀትር ደውል። እኔ ስልኩን ከፍቼ በርሜሉ አፍ ላይ እይዘዋለሁ፣ እትዬም በርጩማዋ ላይ ትሆናለች። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም፣ እኔ ታናሽህ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፦ ያን ቀን የምትለው ነገር ልጅህ እስክታረጅ በየቀትሩ ይባላል። እመጣለሁ ብለህ ብትቀር በየቀኑ እመጣለሁ ትላለህ፣ እማዬም በየቀኑ በር ልትከፍት ትነሳለች። አልመጣም ካልክም በል፣ ግን ከልጅህ ጀርባ አትበል፤ ስሟን ጠርተህ ለሷ ንገራት። ካንተ በያዘችው ሁሉ ውስጥ ፈልጌ ነበር፣ ከሳሉ እስከ በሩ። ስሟ አንድም ጊዜ የለም።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ጉንጩን ሳምልኝ፣ ከዚያም ቆንጥጠው ብላለች። ጓሮ መውጣት ትታለች። ባለ ጎሚስታው ሰላም ይልሃል፣ በሕይወት ካለህ። ሬዲዮ አልቅሳልሃለችና ለድካሟ አመስግናት፤ ጫማዋንም እኔ እየጠበቅኩላት ነው። እትዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ ልብስ እየጨመቀች ነበር፣ «ምንም አትበልልኝ» አለች። ልብሱን አራግፋ «ምሳ ይበላ እንደሆነ ጠይቀው» አለች። መብላትህን ግን ሹፌሩ ለእማዬ ሲነግራት ሰምታ ነበር።

አለቃ አሁን ጎኔ ቆማለች። እኔ ስጽፍ ፊደሉን በአፌ ካላልኩት አይወጣልኝም፣ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሰላምታው ጀምሮ ጮክ ብዬ ነው የጻፍኩት። እሷም ከሰላምታው ጀምሮ እዚሁ ነበረች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ ድምፅ ግን ገና አላወጣችም።

ታናሽ ወንድምህ
ከቤታችን ጓሮ፣ ከልብስ ገመዱ ሥር
ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ